በአውጫጭኙ የቀረው ማን ነው?

አንዲት ሴት ነበረች። በአንድ የደጋ ከተማ፣ በአንድ የሚስዮን ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። ሐኪም ናት? አይደለችም። ነርስ ናት? አይደለችም። በኮሪደሩ ጫፍ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በሯ ላይ «ጫማ አውልቁ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውስጥ አንድ ጥቁር ሣጥን ቀን ከሌት እያጉረመረመ ይኖራል፤ ሰርቨር ይሉታል። የበሽተኛው ካርድ፣ የላቦራቶሪው ውጤት፣ የራጁ ፎቶ፣ ሁሉም የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሐኪሞቹ በየክፍላቸው ኮምፒውተር ሲከፍቱ የሚያዩት ከዚያ ሣጥን የሚመጣላቸውን ነው። የሣጥኑ ጠባቂ ይህች ሴት ናት።

ልክነሽ ትባላለች። ገና ወጣት ናት፤ ምላሷ ግን ወጣት አይደለም።

ኮሌጅ አልገባችም። ሰው የጣለውን ኮምፒውተር እየለቀመች፣ እየፈታች፣ እየገጠመች፣ አንዳንዴም እያቃጠለች ነው የተማረችው። የተበላሸ ዕቃ ሲያመጡላት ገና ሳትከፍተው አሽትታ ምኑ እንደ ተቃጠለ ትናገራለች። ጎበዝ ናት፤ ይህን ማንም አይክዳትም። ችግሩ፣ ጎበዝ መሆኗን ከራሷ በላይ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። አንድ ሰው «እንዲህ ብታደርጊውስ?» ካላት ቀና ብላ ታየዋለች። «እኔን ማንም አላስተማረኝም» ትለዋለች።

ወገኖቼ፣ «ማንም አላስተማረኝም» የሚል ሰው በአንድ አፍ ሁለት ነገር ይነግራችኋል። «ጎበዝ ነኝ» ይላችኋል። «አትምከሩኝ»ም ይላችኋል። የመጀመሪያውን አምነን እንቀበልላት። ሁለተኛው የት እንደሚያደርስ ግን አብረን እንይ።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ከባድ ዝናብ ዘነበ። መብረቅ ወረደ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። አመጣጡን ታውቁታላችሁ፤ ገመድ እንደ በጠሰ ወይፈን ነው፣ ያገኘውን ወግቶ ያልፋል። በማግሥቱ ጠዋት ሰርቨሩ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል፤ ነገር ግን ከሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች አንዱም አያገኘውም።

ልክነሽ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ሣጥኑን ከፈተች። አሸተተች።

«ካርዷ ናት» አለች።

የኔትወርክ ካርድ ማለት መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ናት። ኬብሉ የሚሰካው እሷ ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ከሌሎቹ ጋር የሚነጋገረው በእሷ በኩል ነው። እሷ ከተቃጠለች ሰርቨሩ ሁሉን እያወቀ አንዲት ቃል መተንፈስ የማይችል ዲዳ ይሆናል። ልክነሽ የተቃጠለችውን ነቀለችና ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። ለክፉ ቀን ያስቀመጠቻትን አዲስ ካርድ ገጠመች። ኬብሉን ሰካች። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም አለች።

«አለቀ» አለች ልክነሽ።

አለቀ ወይ? አላለቀም።

እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሰርቨሩን የሚያገኘው በአድራሻው ነው። አድራሻው ቁጥር ነው፤ እንደ ስልክ ቁጥር በሉት። የራጅ ክፍሉም፣ ላቦራቶሪውም፣ ካርድ ክፍሉም የሚያውቁት ያንን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። አዲሷ ካርድ ደግሞ እንግዳ ናት፤ ቁጥሩን አንድ ሰው ሊሰጣት ይገባል። ልክነሽ ጻፈችላት። ማሽኑ ስክሪኑ ላይ መልእክት አወጣ። ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ መልእክት ነው። የመጀመሪያው መስመር «ይህ አድራሻ በሌላ ካርድ ተይዟል» ይላል።

ልክነሽ የመጀመሪያውን መስመር አነበበች። ዘጋችው። እንደገና ቁጥሩን ጻፈች። ያው መልእክት። ዘጋችው።

የቀረውን መስመር ለምን አላነበበችም? እንግሊዝኛው ከብዷት ነው? አይደለም፤ ታነባለች። የመጀመሪያው መስመር ልቧ የጠረጠረውን ስለነገራት ነው። የጠረጠርነውን የሚነግረን ካገኘን የቀረውን ለመስማት ማን ትዕግሥት አለው?

ጥርጣሬዋ ምን ነበር? «አንድ ሰው የሰርቨሩን ቁጥር በራሱ ኮምፒውተር ላይ ጽፎታል። ሌባ ግቢው ውስጥ አለ።» እንዲያው የሞኝ ጥርጣሬ እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል፤ ባለማወቅ ሁለት ሰው አንድ ቁጥር ከያዘ ይጋጫል። ግምቷ የጎበዝ ግምት ነው። ጎበዝ ሰው ሲሳሳትም በማስረጃ ነው የሚሳሳተው፤ ለዚህ ነው ስሕተቱን ለመንቀል አካፋና ዶማ የሚያስፈልገው።

በዚህ መካከል ሲስተር ዘርፌ መጣች። የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ናት። ጫማዋን ላለማውለቅ በሩ ላይ ቆማ አንገቷን ብቻ አስገባች።

«ልክነሽ፣ ዶክተር ሚልኪያስ ምን እየጠበቅን ነው ይላል።»

«እየሠራች ነው በይው።»

«ብዬዋለሁ። እሱም "እስክትጨርስ ልሙት ወይስ ልኑር?" ይላል። ወይዘሮ ወላንሳ ደግሞ አልጋው ላይ ተጋድማ ጣሪያ እየቆጠረች ነው። ሴትዮዋ እኮ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።»

ወይዘሮ ወላንሳ ማን ናት? ድንች ቸርቻሪ ናት። ከዓመታት በፊት እግሯ ተሰብሮ ብረት ገብቶለት ነበር፤ አጥንቱ ግን ተጣሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ በክራንች ትሄዳለች፤ ድንቿን ተቀምጣ ትሸጣለች። ዶክተር ሚልኪያስ የአጥንት ሐኪም ነው። ወደዚህ ሆስፒታል በተራ ይመጣል፤ ያን ቀን ከምሳ በኋላ መኪናው ወደ ሌላ ከተማ ይነሣል። ዛሬ ካመለጣት ተራዋ ተመልሶ የሚደርሳት ከክረምቱ በኋላ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ቁርጡን ተናግሯል፦ «አሮጌው ብረት የት የት እንደ ታሰረ ሳላይ አልከፍታትም። በጭፍን አጥንት አይቆረጥም።»

ራጁ ተነሥቷል፤ ግን ያለው ሰርቨሩ ውስጥ ነው። እንደገና ቢነሣም የራጅ ማሽኑ ፎቶውን የሚልከው ወደዚያው ነው። ሐኪሙ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሄዶ እንዳያየው፣ የራጁ ፕሮግራም ያለዚያ አድራሻ አይነሣም። ስለዚህ የወይዘሮ ወላንሳ እግር በአንድ ቁጥር ተንጠልጥሏል። ቁጥሩን ደግሞ «ሌላ ይዞታል»።

«ማን እንደያዘው አውቃለሁ» አለች ልክነሽ።

በእርግጥ ታውቃለች? ወይስ ማን ቢሆን ደስ እንደሚላት ነው የምታውቀው?

በዚያ ሆስፒታል አቶ ኤርጫፎ የሚባሉ ሰው አሉ። የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታቸው የቀረበ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ልክነሽ ስትቀጠር በስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው «ዲፕሎማ ለሌላት ልጅ የዚያን ክፍል ቁልፍ መስጠት እሳት ለሕፃን ማቀበል ነው» ብለው ነበር። ሰው ፊት ነው ያሉት። በኋላ ሥራዋን አዩ። አንድ ቀን ጠዋት በሯ ላይ መጥተው ጫማቸውን አውልቀው ገቡና «ልጄ፣ ተሳስቼ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ።

ምን አለች? «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። እጅ ነሣች። ተለያዩ።

አለቀ ወይ? እናንተ ንገሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አቶ ኤርጫፎ «እንዴት አደርሽ?» ሲሏት «ደኅና» ትላለች፤ «እርስዎስ?» አትልም። ሎሚ ከጓሯቸው ሲያመጡላት ለሲስተር ዘርፌ ትሰጣለች። በቅርቡ ልጃቸው ላፕቶፕ ገዝቶ ላከላቸው፤ ልክነሽ ገና ስታየው «አይ፣ አሁን ደግሞ ኔትወርኬን ሊያምሱልኝ ነው» አለች። ሌባ ገባ ቢባል ልቧ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ማን ቤት ነው? ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ልክነሽ ምን አደረገች? ከክፍሏ ተፈናጥራ ወጣች። ጫማዋን ሳታደርግ! በካልሲ ብቻ፣ ዝናብ ባበሰበሰው ግቢ ላይ። ሰውን ለመክሰስ የቸኮለ ሰው የገዛ እግሩን አያይም። ለጠዋት ጸሎት የሚደወለውን ደወል ይዛ ደወለችው።

ሰዉ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሰው ሞተ እንዴ?

«ላፕቶፕ ያለው ላፕቶፑን ይዞ ይውጣ!» አለች ልክነሽ። «ስልክም! የቢሮ ኮምፒውተር ያለው ኬብሉን ነቅሎ ይምጣ!»

«ምን ጠፋ?» አለ ደሳለኝ፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ።

«አድራሻ።»

«የማን አድራሻ?»

«የሰርቨሩ። አንዳችሁ ወስዳችሁታል። ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቢሮው አይመለስም።»

«አውጫጭኝ መሆኑ ነው?» አለች ሲስተር ዘርፌ፣ ሳቋን በመዳፏ ይዛ።

«እንደዚያ በይው።»

አውጫጭኝን የማታውቁ ልጆች አላችሁ፤ አባቶቻችሁ ያውቁታል። ድሮ በአንድ አገር ከብት ከጠፋ፣ ጎተራ ከተሰበረ፣ አገሬው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ትልቁም ትንሹም ይወጣል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ሰው በፀሐይ ይውላል፣ እርሻው ጦም ያድራል። ልክነሽ ይህን ነው ያቋቋመችው፤ በሆስፒታል ግቢ፣ በካልሲ ቆማ። ኮምፒውተር የማይነኩት፣ ከተኙት በሽተኞች አጠገብ ያሉት ነርሶች ብቻ ተፈቀደላቸው፤ ሌላው ሁሉ ላፕቶፑን እንደ ጨቅላ ታቅፎ ካፊያ ላይ ቆመ።

ደሳለኝ ጭንቅላቱ ላይ ፌስታል ደፍቶ «እናትሽ ልክነሽ ብለው ስም ያወጡልሽ ዕለት ነው እኛ የተሳሳትነው» አለ። አንዳንዱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ቀጥ ብላ ወደ አቶ ኤርጫፎ ሄደች።

«አቶ ኤርጫፎ፣ ላፕቶፕዎን ይስጡኝ።»

«ይኸው ልጄ። ግን ከከፈትኩት ሰንብቷል፤ ቻርጀሩም ቤት ነው ያለው።»

«እርስዎ መቼም ሁልጊዜ ንጹሕ ነዎት።»

አረጋዊው ሰው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ዝናቡን ነው የጠረጉት እንበል። ልክነሽ ላፕቶፑን ብትከፍተው አልነሣ አለ። ባትሪው አልቋል። ከሞተ ሰንብቷል።

ክሱ ወደቀ። እሷ ግን ወደቀች? አልወደቀችም። ላፕቶፑን መለሰችላቸውና «አንዱ ጋ አለ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች፤ በጭቃ ካልሲ። «ጫማ አውልቁ» የሚለውን ወረቀት የጻፈችው እሷ፣ የክፍሏን ወለል በጭቃ ኮቴ አዥጎረጎረችው።

በግድግዳው ላይ ያሉትን ኬብሎች፣ ከየቢሮው የሚመጡትን፣ አንድ በአንድ ነቀለች። ቁጥሩን ጻፈች። «ይህ አድራሻ በሌላ ካርድ ተይዟል።» ዘጋችው። የቀረውን ኬብል ሁሉ ነቀለች። ጻፈች። «ተይዟል።» በመጨረሻ የሰርቨሩን የራሱን ኬብል ነቀለች። አሁን ማሽኑ ከማንም ጋር የተያያዘ ነገር የለውም። ጻፈች።

«ተይዟል።»

እስቲ አስቡት። ግቢው ሁሉ ወጥቷል። ኬብሉ ሁሉ ተነቅሏል። ማሽኑ በተዘጋ ቤት ብቻውን ተቀምጧል። አሁንም «ሌላ ይዞብኛል» ይላል። ማን ነው የያዘበት?

ልክነሽ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው የእግሯ ብርድ የተሰማት። ማንንም የምትከስሰው አልቀራትም። ከኮሪደሩ የሲስተር ዘርፌ ድምፅ ይሰማል፤ ለወይዘሮ ወላንሳ «ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው» ትላታለች። ወይዘሮ ወላንሳም «ትንሽ ብላችሁ ብላችሁ እኮ አረጀሁ» ስትል ይሰማል። ልክነሽ በልቧ አለች፦ ይህች ሴት በእኔ ምክንያት በክራንቿ ልትመለስ ነው? ለእኔ ማን ነው አሁን የሚደርስልኝ? አትምከሩኝ ብላ ስንቱን አባርራ ማን ይድረስላት!

በሩ ተንኳኳ። ቀስ ያለ ማንኳኳት ነው።

አቶ ኤርጫፎ ናቸው። ከዚያ ሁሉ በኋላ! ጫማቸውን አውልቀው፣ ባዶ እግራቸውን ደፍ ላይ ቆመዋል።

«ልግባ?»

«ላፕቶፕዎ ደኅና ነው» አለች ልክነሽ፣ ሳታያቸው። «እርስዎ አይደሉም።»

«አውቃለሁ እኔ አለመሆኔን። ሌላ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ስለ ማሽኑ አይደለም፤ ስለ ማሽኑ እኔ ምን አውቃለሁ? ስለ አውጫጭኙ ነው።»

«ምን ስለ አውጫጭኙ?»

«ልጅ ሆኜ አባቴ ይዞኝ ሄዷል፤ የመጨረሻዎቹን አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ማን ሰረቀ?»

«አይደለም። "ማን ቀረ?" ነው የሚሉት። የመጣው ሰውማ መጥቷል፣ ፊቱን እያዩት ነው። ያልመጣው ነው የሚጠረጠረው። አንቺ የመጣነውን ሁሉ መረመርሽ። የቀረውን አልጠየቅሽም።»

«ማንም አልቀረም። ሁሉም ወጥቷል። ከዚህ ቤት ከእኔና ከዚህ ማሽን በስተቀር…»

ቃሉ አፏ ላይ ቆመ።

ልትቆጣቸው ተነሥታ ነበር። «እኔን ማንም አላስተማረኝም» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጠቻት። ወገኖቼ፣ የዚያን ቀን ትልቁ ጥገና ይህች ናት፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

ቁጥሩን እንደገና ጻፈች። መልእክቱ እንደገና ወጣ። እጇ ሊዘጋው ሄደ፤ ከለከለችው። አሁን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ምን ይላል መሰላችሁ? «ይህ አድራሻ በሌላ ካርድ ተይዟል። ያ ካርድ በአሁኑ ጊዜ በዚህ ማሽን ውስጥ የለም።»

ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ነግሯት ነበር!

የካርዶቹን ዝርዝር ከፈተች። አዲሷ ካርድ ብቻ ናት ያለችው። ከዝርዝሩ በላይ አንድ ትእዛዝ አለ፤ ብዙ ሰው የማይነካው። በእኛ ቋንቋ «የሌሉትንም አሳየኝ» እንደ ማለት ነው። ነካችው። እና ከአዲሷ ካርድ ሥር አንዲት ስም ብቅ አለች፤ ደብዝዛ፣ እንደ ጥላ። የተቃጠለችው ካርድ ናት። ተነቅላለች፣ ግን አልተሰረዘችም። በእጅ ወጥታለች፣ ከማሽኑ ልብ ግን አልወጣችም። ቁጥሩን እንደ ጨበጠች ተቀምጣለች፤ አዲሷን ካርድ «ሰው አለበት» እያለች።

ልክነሽ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ካርዷ እዚያ ናት። ግቢውን ሙሉ ያስወጣችው፣ ያን አረጋዊ ያዋረደችው፣ ሌባውን ኪሷ ውስጥ ይዛ እየዞረች ነበር።

ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ እንደገና ሳቀች። የደበዘዘውን ስም ሰረዘችው። ቁጥሩን ለአዲሷ ካርድ ጻፈችላት። ማሽኑ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ተቀበለ። ኬብሎቹን አንድ በአንድ መለሰች።

ብዙም አልቆየ፣ ከኮሪደሩ እልልታ ተሰማ። ሲስተር ዘርፌ ናት። «መጣ! ራጁ መጣ! ብረቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል!» ወይዘሮ ወላንሳም «እስቲ አሳዩኝ የእኔን ብረት» ስትል፣ ዶክተር ሚልኪያስም «እማማ፣ ካወጣሁት በኋላ በእጅሽ አስይዝሻለሁ» ሲል ተሰማ። ደስ አይልም? እኔ ይህን ስናገር አሁንም ደረቴ ቀለል ይለዋል።

ልክነሽ እዚህ ላይ በሩን ዘግታ መቀመጥ ትችል ነበር። ሥራው ተሠርቷል፤ ማን ይጠይቃታል? ነገር ግን በአደባባይ የሰደበ በጓዳ አይክስም። ካርዷን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። ሰዉ አሁንም ላፕቶፑን ታቅፎ ቆሟል፤ የምትለቅቃቸውም የምታስራቸውም እሷ ናታ!

ካርዷን ከፍ አደረገቻት።

«ሌባው ይኸውላችሁ፤ የሞተችው ካርድ ናት። ኪሴ ውስጥ ነበር። ማናችሁም አልሰረቃችሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ደሳለኝ ፌስታሉን ከራሱ አነሣ። «ቆይ፣ ቆይ። በሞተ ሰው ነው ካፊያ ላይ ያቆምሽን?»

«በሞተ ሰው ነው።»

«እንግዲያው ቀብር ላይ ነን፤ ንፍሮ የት አለ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቁን አቋርጣ ወደ አቶ ኤርጫፎ ዞረች፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

«ጋሼ ኤርጫፎ።»

ልብ አላችሁ? ጠዋት «አቶ» ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ክፍሌ ድረስ መጥተው ይቅርታ ሲጠይቁኝ ይቅር ብያለሁ ብዬ ነበር። አላልኩም ነበር። በአፌ ነው ያልኩት። ዛሬ ግን ብያለሁ። እርስዎም ይበሉኝ።»

አቶ ኤርጫፎ እጃቸውን ከጀርባቸው አወጡ። ምን ይዘዋል? ጫማዋን። ከክፍሏ ደጃፍ አንሥተው ይዘውላት መጥተዋል።

«ጫማሽን አድርጊ፣ ልጄ» አሉ። «ይቅርታ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን በእርጥብ ካልሲ ሳንባ ምች ያስይዛል።»

ወይዘሮ ወላንሳ ከክረምቱ በኋላ ድንቿን ቆማ ስትሸጥ ታየች። አሮጌው ብረት ሚዛኗ አጠገብ ተቀምጧል፤ ደንበኛ ሲከራከራት እሱን አንሥታ ታሳያለች አሉ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ፊታችሁን አትመልሱ፤ ወደ እናንተ ነው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» ያላችሁትን አስቡ። ከስንት ሰው ጋር ብላችኋል? ሽማግሌ ፊት ቆማችሁ፣ ጉልበት ስማችሁ፣ እጅ ተነሣሥታችሁ። ጎረቤት መስክሯል። ታርቀዋል ተብሏል። አረንጓዴዋም መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ በውጭ ያያችሁ «ሠርቷል» ይላል። ታዲያ ያ ሰው «እንዴት አደርሽ» ሲላችሁ ለምንድን ነው «እርስዎስ» የማትሉት? ሎሚው ሲመጣላችሁ ለምንድን ነው ለሌላ የምትሰጡት? ነቅላችሁታል። ግን ሰርዛችሁታል ወይ?

እናንተስ፣ ልጃችሁ ተለውጦ ሲመጣ፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ «አባቴ፣ ያ ሰው አይደለሁም» ሲላችሁ፣ ፊታችሁ ላይ ያለው አዲሱ ልጅ ነው። ቦታውን የያዘው ግን ያ የበፊቱ ነው፤ የሰከረው፣ የዋሸው፣ የሄደው። የሄደው! አሁን በቤታችሁ የሌለው! የሌለ ሰው ያለውን ልጃችሁን «ሰው አለበት» እያለ ያባርርባችኋል፤ እናንተም ከልጃችሁ ጋር ትጣላላችሁ።

ስንቱን አስወጣችሁ? ስንት ጊዜ ደወል ደወላችሁ? ባሌ ነው፣ አማቴ ናት፣ ጎረቤቴ ናት፣ አለቃዬ ነው። ሁሉን ካፊያ ላይ አቆማችሁ። ሁሉን ፈተሻችሁ። ኬብሉን ሁሉ ነቀላችሁ፤ «ከእንግዲህ ከማንም ጋር አልነጋገርም» ብላችሁ በራችሁን ዘጋችሁ። ብቻችሁን ተቀምጣችሁም ሰላሙ አልመጣም። ለምን? የመጡትን ነዋ የመረመራችሁት! የቀረውን አልጠየቃችሁም።

እኔ ደግሞ የምላችሁ የምሥራች ነው እንጂ ወቀሳ አይደለም። ልክነሽ ሌባውን ባገኘችው ጊዜ አለቀሰች ወይስ ሳቀች? እንባዋን እየጠረገች ሳቀች! ምክንያቱም ሌባው ያን ያህል አስፈሪ አልነበረም። የተቃጠለ፣ የሞተ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ነገር ነው። ኃይሉ ሁሉ ያልታየ መሆኑ ነበር። በታየ ጊዜ ለመሰረዝ ጉልበት አልጠየቀም፤ መቀበል ብቻ ነው የጠየቀው። እናንተም የምትፈሩት ያ ነገር ስሙን ብትጠሩት ያን ያህል ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስትጸልዩ «ጌታ ሆይ፣ ጠላቶቼን አሳየኝ» አትበሉ፤ እነሱንማ ስታዩ ነው የኖራችሁት። «የሌሉትን አሳየኝ» በሉ። መልእክቱንም እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ። እጃችሁንም ወደ ኪሳችሁ ስደዱ።

እና ከሁሉ በፊት ዞር በሉ። ደፋችሁ ላይ በቀስታ የሚያንኳኳ ሰው አለ፤ ያዋረዳችሁት ሰው ሊሆን ይችላል። ጫማችሁን ይዞላችሁ ቆሟል። እግራችሁ በርዷልና፣ አታስቁሙት።